ጥንቸል የቤት ዕቃ ለምን ትከረክማለች?

በቤት ውስጥ የተለቀቀች ጥንቸል የወንበር እግር፣ የደብተር ጠርዝና የኤሌክትሪክ ገመድ ስትከረክም ብዙ ሰዎች በጥጋብ ያሳብባሉ። ምክንያቱ ጥርሷ ነው። 28ቱም ጥርሶቿ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋሉ፤ የፊቶቹ በሳምንት 2 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማሉ። እየተፋተጉ ካልተሞረዱ ተጣመው ድድና ጉንጭ ይወጋሉ፤ መብላት ተስኗትም ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ መከርከሙን መከልከል አይቻልም፤ የምትከረክመውን መለወጥ ግን ይቻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ድርቆሽ ነው። ሌት ተቀን ከፊቷ አይጥፋ። የመንጋጋ ጥርሶቿ የሚሞረዱት ሣሩን ወደ ጎን እየፈጨች ስታላምጥ ነውና ካሮት አይተካውም። (በሥዕል መጻሕፍት ሁልጊዜ ካሮት ትበላለች፤ በእውነቱ ስኳሩ ስለሚበዛባት በጥቂቱ ብቻ ይሰጣታል።) መድኃኒት ያልተረጨበት የፖም ቅርንጫፍ ቢጨመርላት መልካም ነው፤ የአቮካዶ ግን መርዝ ነው።

መምታት ፋይዳ የለውም፤ ቅጣቱን ከጥፋቷ ጋር አታያይዘውም፤ መቺውን ብቻ ትሸሻለች። ገመዱ ግን ጊዜ አይሰጥም፤ አንድ ንክሻ ሊገድላት ይችላል። በጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይግባ ወይም ከፍ ተደርጎ ይሰቀል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የላይና የታች የፊት ጥርሶቿ ካልገጠሙ ወደ እንስሳት ሐኪም ትወሰድ።