የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ወቅት ጭንቀትና የማቃለያ መንገዶቹ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተጠናቀቀበት ዕለት አንስቶ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ይፋ እስከሚሆንበት ጊዜ ያለው ወቅት ለበርካታ ተማሪዎችና ቤተሰቦቻቸው ከፍተኛ ጭንቀት የሚፈጥር ነው። ተፈታኙ የድርሻውን ከተወጣ በኋላ ቀሪው ውሳኔ ከእጁ የወጣ በመሆኑ ከፈተናው ይልቅ ጥበቃው የሚከብደው ተማሪ ጥቂት አይደለም።

ስጋቱ መሠረት የሌለው አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የተሰጠውን የ2014 ዓ.ም ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም ይኸው አኃዝ ወደ 8 ነጥብ 4 በመቶ ከፍ ብሏል። ያም ሆኖ አብዛኛው ተፈታኝ የማለፊያውን ነጥብ አላገኘም።

ልከኛ ስጋት ለጥናት ያነሳሳል። ሆኖም የእንቅልፍ እጦት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ተደጋጋሚ ራስ ምታት፣ ቁጡነትና ከሰው መሸሽ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠሉ ተማሪውን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። መኖር እንደማይፈልግ የሚናገር ወጣት ሲያጋጥም ደግሞ ለነገ የማይባል እርዳታ ያሻዋል። ስለ ጉዳዩ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን እንደሚያባብስ ተደርጎ የሚሰነዘረው አስተያየት ትክክል አይደለም።

ቤተሰብ ልጁን ከጎረቤት ልጅ ጋር ከማነጻጸር መቆጠብና ውጤት ከመምጣቱ በፊት አማራጮችን አብሮ መመካከር ይጠበቅበታል። ከ50 በመቶ በታች ያመጡ ተማሪዎች በሚወሰነው የመቁረጫ ነጥብ መሠረት የሚገቡበት የአቅም ማሻሻያ ወይም ሬሜዲያል ፕሮግራም ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና እንዲሁም በግል ተፈታኝነት ዳግም መፈተንም ሌሎች መንገዶች ናቸው። ሁለተኛ መንገድ መኖሩን አስቀድሞ የተረዳ ተማሪ ዝቅተኛ ውጤትን የሕይወት ፍጻሜ አድርጎ አይመለከትም።

የዩኒቨርሲቲና የትምህርት መስክ ምርጫም በጓደኛ ግፊት ወይም በመጨረሻው ሰዓት ሊሞላ አይገባም። ምደባው ውጤትን፣ ምርጫንና የተቋማትን የቅበላ አቅም ያገናዘበ በመሆኑ የመጀመሪያው ምርጫ ላይሳካ እንደሚችል ተማሪው ማወቅ ይኖርበታል።

ከሁሉ በላይ ጭንቀትን የሚያባብሰው የመረጃ ክፍተት ነው። ይፋዊ ማብራሪያ በዘገየ ቁጥር ቦታውን የሚይዘው በማኅበራዊ ድረ ገጾች የሚሠራጭ ወሬ ነው። በመሆኑም በየደረጃው የሚገኙ የትምህርት መዋቅር ኃላፊዎች ውጤትና ምደባ የሚገለጽበትን ጊዜ፣ የመቁረጫ ነጥቡንና የቅሬታ ማቅረቢያውን ሥርዓት አስቀድመው ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል። ቀኑ ሲራዘምም ምክንያቱንና አዲሱን ጊዜ ወዲያውኑ መግለጽ ይገባል። ትምህርት ቤቶችም የምክር አገልግሎታቸውን በፈተናው ማግሥት ከማቋረጥ ይልቅ ምደባው እስከሚጠናቀቅ ቢያስቀጥሉት ያለ ተጨማሪ ከፍተኛ ወጪ የብዙ ወጣቶችን ሸክም ማቃለል ይችላሉ።