ለዳቦ የተሰለፈችው አሜሪካ

በሰሚት ኮንዶሚኒየም እሑድ ጧት ቡና ሲፈላ ወሬው ብዙ ጊዜ ወደ አሜሪካን አገር ያመራል። ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን ድምፁ በተሰማ ቁጥር ከተቀመጡት አንዱ ቀና ማለቱ አይቀርም፤ ወይ ልጁ፣ ወይ እኅቱ፣ ወይ ያክስቱ ልጅ እዚያ አለችና። በቅርቡ ቡና ጠጡ ብለው በጠሩን በአንዲት እናት ቤት ተቀምጠን ሳለን፣ አሜሪካኖች ለዳቦና ለሾርባ በየመንገዱ የተሰለፉበት ዘመን እንደነበረ ብንነግራቸው፣ ስኒውን ከአፋቸው መልሰው፦

«እንዴ ልጄ! አሜሪካም ተርባ ታውቃለች?» አሉን።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ይኸው ጥያቄ ነው። ዘመኑን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

አንደኛው የዓለም ጦርነት በ1918 ሲያበቃ አውሮፓ በዕዳ ተዘፍቃ ስትቀር፣ አሜሪካ ግን አበዳሪ ሆና ወጣች። በ1920 ሴቶች በመላው አገሪቱ የመምረጥ መብት አገኙ። በዚያው ዓመት መጠጥ መጥመቅና መሸጥ በሕግ ተከለከለ፤ ጠላና ጠጅ ለለመደው ለእኛ ሰው ይህ ለመስማት እንኳ የሚያስደነግጥ ሕግ ነው። ሕጉ እስከ 1933 ቢቆይም ጠጪውን ከመጠጥ አላስጣለውም፤ ይልቁንም በስውር የሚሸጠውን ወንበዴ አበለጸገው። ፎርድ በ1908 በ850 ዶላር መሸጥ የጀመረው አውቶሞቢል ዋጋው ከ300 ዶላር በታች ወረደ። ሠራተኛውም አውቶሞቢሉንና ራዲዮኑን በዱቤ ገዛ፤ ደፈር ያለውም ተበድሮ አክሲዮን ገዛ።

በጥቅምት ወር 1929 የአክሲዮኑ ገበያ ወደቀ። በ1933 መግቢያ ላይ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ ፈት ነበር፤ በሺሕ የሚቈጠሩ ባንኮችም የሰው ገንዘብ እንደያዙ ተዘጉ።

መጋቢት 4 ቀን 1933 ሥልጣን የያዙት ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በመጀመሪያ ባንኮቹን በሙሉ ዘጉና ጤነኞቹን እየመረመሩ አስከፈቱ። ቀጥሎም አስቀማጩ ገንዘቡን እንዳያጣ ዋስትና የሚሰጥ ሕግ ወጣ። ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚማርከን ግን የወጣቶቹ ነገር ነው። ሥራ ያጡ ጐልማሶች ወደ ጫካ ሰፈር ተወስደው ዛፍ ሲተክሉና መንገድ ሲጠርጉ በወር 30 ዶላር ይከፈላቸው ነበር፤ ከዚህም 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰባቸው ይላክ ነበር። ከባሕር ማዶ የሚላክ ገንዘብ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የሰሚት ሰው የዚያችን 25 ዶላር ክብደት ለመረዳት አይቸግረውም። በቴነሲ ወንዝ ላይም መንግሥት ራሱ ግድብ እየሠራ ለገበሬው መብራት ያስገባ ጀመር።

እኛም በዚያ ዘመን ተኝተን አልነበረም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1927 ወደ ኒውዮርክ ተልከው በጣና ሐይቅ ላይ ስለሚሠራ ግድብ ከአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ተነጋግረው ነበር። በ1931 የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥታችን ወጣ፤ በገንዘብ ጉዳይም ኤቨረት ኮልሰን የተባሉ አሜሪካዊ የመንግሥት አማካሪ ነበሩ። ራስ ደስታ ዳምጠውም የሩዝቬልት አዲስ ሕጎች ገና ቀለማቸው ሳይደርቅ፣ በ1933 ዋሽንግተን ሄደው ከፕሬዚዳንቱ ጋር ተገናኝተዋል።

የሆነ ሆኖ የሩዝቬልትን ሥራ ስናደንቅ ቅር የሚያሰኘን ነገር አለ። በ1935 የወጣው የጡረታ ሕግ የእርሻ ሠራተኞችንና የቤት አገልጋዮችን አላካተተም። በደቡብ ክፍል ጥጥ የሚለቅመውና የሰው ቤት የሚያጥበው ደግሞ በብዛት ጥቁሩ ነበር። ዛፍ የሚተክሉት ወጣቶች እንኳ ሰፈራቸው በቀለም የተለየ ነበር። ሰውን ያለ ፍርድ በጅምላ ሰቅሎ መግደልን የሚከለክል ሕግ ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ቢቀርብም የደቡብ መማክርት በንግግር ብዛት አስቀሩት። ፕሬዚዳንቱም የእነዚህን ሰዎች ድምፅ ለሌላው ሥራቸው ይፈልጉት ስለነበር አጥብቀው አልተከራከሩም። ይህን ብልኅነት የሚሉት አሉ፤ እኛ ግን ይህን ስም ለመስጠት እጃችን ይከብዳል።

እንግዲህ በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ ስትወርረን ከአሜሪካ ሕዝብ መካከል ይበልጥ የጮኸልን ይኸው ከማዕዱ የተገፋው ወገን ነው። መንግሥታቸው በዚያ ዓመት ነሐሴ ባወጣው የገለልተኝነት ሕግ ለተዋጊዎች መሣሪያ እንዳይሸጥ ሲከለክል ነዳጅን አልነካም፤ ነዳጁም ለኢጣሊያ መሸጡን ቀጠለ። ሐርለም ውስጥ ግን ሥራ ያጣው ሰው ሳይቀር ለኢትዮጵያ ሳንቲም ያዋጣ ነበር። በ1937 ዶክተር መላኩ በያን በዚያው በኒውዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ሲያቋቁሙ የተመረኮዙት በእነዚሁ ሰዎች ላይ ነው።

ከእነርሱ አንዱ ጆን ሮቢንሰን ነበር። ቺካጎ ያለው የአውሮፕላን ትምህርት ቤት በቀለሙ ምክንያት አልቀበልም ቢለው፣ በጽዳት ሠራተኝነት ገብቶ መጥረጊያ እንደያዘ ትምህርቱን ያዳምጥ ነበር ይባላል። በኋላ በዚያው ቤት ተምሮ አስተማሪ እስከ መሆን ደረሰ። በ1935 ወደ አገራችን መጥቶ ጥቂት የነበሩትን አውሮፕላኖቻችንን አዛዥ ሆኖ መራ፤ ጠላት አዲስ አበባ ሊገባ ሲል በ1936 ተመለሰ። በ1944 ግን ዳግመኛ መጥቶ የእኛን ልጆች በረራ ያስተምር ጀመር። በ1954 አዲስ አበባ ላይ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

ይህን ስንተርክላቸው ቡናው ሦስተኛ ደርሶ ነበር። እኚያ እናት ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፦

«ወደ አገሩ ወሰዱት?» ሲሉ ጠየቁን።

«የለም እማማ፤ እዚሁ አዲስ አበባ ነው የተቀበረው» አልናቸው።