ጭሱ ይውጣ፣ ብርሃን ይግባ



ነፋስ መውጫ ስሟ ራሱ ይናገራል፤ አገሩ ነፋሻ ነው። የጉና ብርድ ሲበረታ ሰው ቤቱን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ታዲያ ጭሱ የት ይሂድ? ዓይን ያቃጥላል፤ የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል። መፍትሔው መዝጊያ ያለው መስኮት ነው። ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

1. ነፋስ የማይበዛበትን ግድግዳ ምረጡ። በሁለት ቋሚዎች መካከል ክፈቱ። ማገሩን ብቻ ቁረጡ፤ ቋሚው ከተቆረጠ ግድግዳው ይደክማል።

2. መቃኑን አስገቡና ከቋሚዎቹ ጋር በምስማር ምቱ። ዙሪያውን ጭድ ባለው ጭቃ ምረጉ።

3. በመቃኑ አናት አንድ ስንዝር ክፍተት ተዉ። እዚያ ላይ ቀጫጭን ጣውላ ወደ ውጭ አዘቅዝቃችሁ ደርድሩ። መስኮቱ ሲዘጋም ጭሱ ይወጣል፤ ዝናቡ አይገባም።

4. የቀረውን ለክታችሁ መዝጊያውን ሥሩ። ሳንቃው የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ይጣመማል። በክረምት እንጨት ያብጣልና ልኩን ትንሽ አጥብቡት። ሳንቃዎቹን በሁለት አግዳሚ አያይዙ።

5. ወደ ውጭ እንዲከፈት በማጠፊያ ስቀሉት። መቀርቀሪያው በውስጥ በኩል ይሁን።

አንድ ነገር አደራ! ፍም ባለበት ቤት ሁሉንም ዘግታችሁ አትተኙ። ከፍም የሚወጣው መርዝ ሽታ የለውም፤ ይገድላል።

ይህን ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ደህና ሁኑ።