የክሮኖ ሜትር ብስክሌትና የትራያትሎን ብስክሌት

የክሮኖ ሜትር ብስክሌት ተወዳዳሪዎች ተራ በተራ እየተነሡ ብቻቸውን ከሰዓት ጋር ለሚሽቀዳደሙበት ውድድር የሚሠራ ብስክሌት ነው። የትራያትሎን ብስክሌት ደግሞ ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በሚከታተሉበት ውድድር ያገለግላል። ሁለቱም ክንድ የሚያርፍበት ወደ ፊት የተዘረጋ መሪና ጠፍጣፋ ፍሬም ስላላቸው ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የሚያለያያቸው ደንቡና ከግልቢያው በኋላ የሚጠብቀው ሥራ ነው።

የክሮኖ ሜትር ብስክሌት በዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ደንብ ይገዛል። ክብደቱ ከ6.8 ኪሎ ግራም ማነስ የለበትም፤ የፍሬሙ ቅርጽ የተወሰነ ነው፤ ነፋስ ለመከላከል ብቻ የሚገጠም ሽፋንም ክልክል ነው። ርቀቱ አጭር ነው። ጽጋቡ ግርማይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ በተሳተፈበት የ2016 (እ.ኤ.አ.) ቱር ደ ፍራንስ ሁለት የክሮኖ ሜትር ቀናት ነበሩ፤ አንዱ 37.5 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው 17 ኪሎ ሜትር አቀበት። አሸናፊዎቹ ሁለቱንም ከአንድ ሰዓት በታች ጨርሰዋል። ብስክሌተኛው ጉልበቱን ሁሉ አሟጦ ቢወርድ ችግር የለበትም።

በረጅሙ ትራያትሎን ግን ከ3.8 ኪሎ ሜትር ዋና በኋላ 180 ኪሎ ሜትር ይጋለባል። ይህ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አምቦ ከደረሱ በኋላ በጊንጪ በኩል ወደ አዲስ ዓለም አካባቢ እንደ መመለስ ነው፤ ከዚያም ሙሉ ማራቶን ይቀራል። ስለዚህ ኮርቻው ወደ ፊት ተጠግቶ ይገጠማል። ወገብ ብዙ ሳይታጠፍ ማጎንበስ ይቻላል፤ ለሩጫው የሚያስፈልጉትን የጭን ጡንቻዎች ይቆጥባል ተብሎም ይታመናል። የብስክሌት ኅብረቱ ደንብ ስለማይመለከተውም ፍሬሙ ውስጥ የምግብ ሣጥንና የውኃ መያዣ ይሠራለታል። (በኦሎምፒክ ትራያትሎን አንዱ ከሌላው ጀርባ ተጠልሎ መጋለብ ስለሚፈቀድ፣ የሚያስገርመው፣ ተወዳዳሪዎቹ የሚይዙት ተራውን የጎዳና ብስክሌት ነው።)

አምቦ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየሩ ከባሕር ዳርቻ በአምስት አንድ ያህል የሳሳ ነው። በሜዳ ላይ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ በአንጻሩ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅንም ያንሳል። በአቀበት ፍጥነት ስለሚወርድ የሁለቱም ብስክሌቶች ብልጫ ይጠፋል፤ እዚያ ዋጋ ያለው ክብደት ነው።

ነፋስን በአብዛኛው የሚገታው ፍሬሙ ሳይሆን የብስክሌተኛው ገላ ነው። ስለዚህ በተራ የጎዳና ብስክሌት ላይ የክንድ ማሳረፊያ መግጠም ከጥቅሙ ብዙውን በትንሽ ወጪ ያስገኛል። ሆኖም ክንድ እዚያ ሲያርፍ እጅ ከፍሬኑ ይርቃል። ጋሪ፣ ባጃጅና የጭነት መኪና በሚጋፉበት የጊንጪና የአምቦ መንገድ ላይ፣ በተለይ ከተማ ሲገባ፣ እጅን ወደ ፍሬኑ መመለስ ግድ ነው።