መዳፍ የሚያህል ሥዕል

መስከረም 1 ማለዳ በኢትዮጵያ ከተሞች ማንም የማይመዘግበው የሥዕል ገበያ ይከፈታል። ሠዓሊዎቹ አብዛኞቹ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ሸራቸው ከደብተር መሐል የተገነጠለ ወረቀት፣ ደንበኞቻቸው የሰፈር እናቶችና አባቶች ናቸው። አዲስ አበባም ይሁን ባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በቡና የተከበበው ሚዛን ተፈሪም ይሁን ቴፒ፣ የበዓሉን ማለዳ የሚያውቅ ሰው ሥዕሉን ከሩቅ ይለየዋል፦ ቢጫ አበባ፣ ጨረሯን የዘረጋች ፀሐይ፣ ክንፉ ከወረቀቱ ሊወጣ የደረሰ መልአክ፣ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ «እንኳን አደረሳችሁ» እና የአዲሱ ዓመት ቁጥር።

የእንቁጣጣሽ ወግ ሥራ ያከፋፍል ነበር። ሴቶቹ ልጆች በቡድን ሆነው አበባየሆሽ እያሉ በየደጁ ይጨፍራሉ፤ ወንዶቹ የሣሉትን ይዘው ይዞራሉ። ዛሬ ክፍፍሉ በብዙ ሰፈር ላልቷል፤ እህት የሣለችውን ወንድም ሲያዞር፣ ራሷም ይዛ ስትወጣ ይታያል። አሰጣጡ ግን ብዙም አልተለወጠም። ልጁ በር አንኳኩቶ «እትዬ፣ እንኳን አደረሰዎት» ይልና ወረቀቱን በሁለት እጁ ያቀርባል። እትዬም ተቀብለው፣ አየት አድርገው፣ «ከዓመት ዓመት ያድርስህ፣ እደግ» ብለው ሳንቲም ወይም ብር ያስጨብጡታል፤ ዳቦ የሚጨምሩም አሉ። ዋጋ አይጠራም፣ ክርክር የለም። መስከረም ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ወር በመሆኑ የተገኘው ብር ደብተርና እስክሪፕቶ ይሆናል። የተረፈው ከረሜላ ይገዛበታል።

አዲስ ዓመት ሲመጣ «ዘንድሮስ ሥዕል እጀምራለሁ» የሚል አዋቂ ብዙ ነው። ከዚያ ሸራ ይወደድበታል፣ የዘይት ቀለም ይጠፋበታል፣ ጊዜው አይመቸውም፤ ጥቅምት ሲገባ ዕቅዱ ተረስቷል። ልጁ ግን ዓመት በዓመት ሳያቋርጥ ይሥላል። ተሰጥኦው ከአዋቂው ስለሚበልጥ አይደለም። ሥራውን የሚያስጨርሱ ሦስት ነገሮች ስላሉት ነው፦ የማይተላለፍ ቀን፣ በሩ ላይ ቆሞ የሚቀበለው ሰው፣ በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ትንሽ ወረቀት። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ልጁም እንደ አዋቂው በጅምር ይቀር ነበር።

ዝግጅቱ የጳጉሜ ሥራ ነው። ጳጉሜ 5 ቀን ናት፤ በየ4 ዓመቱ ደግሞ 6 ትሆናለች። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ውጭው አሁንም ዝናብ ነው፣ በተለይ ዝናቡ ከክረምቱ አልፎ በሚዘልቅበት በደቡብ ምዕራቡ። ልጆች ወለል ላይ ተኝተው ወይም የዱካ ጠርዝ ላይ ተደግፈው መጀመሪያ በእርሳስ ይነድፋሉ፣ በእስክሪፕቶ ያጠብቃሉ፣ ከዚያ በከለር ይሞላሉ። አንዱ ሲሥል ሌላው ያያል፤ ጎበዙ ያወጣው ዓይነት መልአክ በሦስት ቀን ውስጥ በሰፈሩ ሁሉ ይባዛል። የሥዕል መምህር በሌለበት ስፍራ ትምህርቱ የሚተላለፈው በዚህ መንገድ ነው፤ ታናሽ ከታላቅ እየቀዳ፣ ሲቀዳም እየለወጠ።

ትንሽ ሥዕል በኢትዮጵያ የልጆች ብቻ ሆኖ አያውቅም። በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው መነኩሴና ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን በእንጨት ገበታ ላይ በሣላቸው የእመቤታችን ሥዕሎች ይታወቃል። ከትልልቆቹ ገበታዎች ጎን ለጎን ደግሞ እንደ መጽሐፍ የሚከፈቱና የሚዘጉ፣ አንዳንዶቹ ከጣት ብዙም የማይረዝሙ፣ በአንገት የሚንጠለጠሉ ሥዕሎች ተሠርተዋል። ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም እንዲህ ያሉትን ቀርቦ ማየት ይቻላል። ሠዓሊው በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ እናትና ልጅን፣ ሁለት መላእክትን፣ አንዳንዴም ፈረሰኛውን ጊዮርጊስን ጨምሮ አስቀምጧል። ደብተራዎች የሚያዘጋጁት የብራና ክታብም የዚሁ ዘመድ ነው። ቀጭን ብራና ተቆርጦና ተሰፍቶ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃል፤ ከጸሎቱ መሐል ትልልቅ ዓይኖች ያሏቸው መላእክትና የመስቀል ጥልፍልፎች ይሣላሉ፤ ከዚያ ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ይያዛል። ለግድግዳ የታሰቡ አይደሉም። ከሰው ጋር የሚሄዱ፣ አንድ ሰው ለአንድ ሰው የሠራቸው ሥራዎች ናቸው፤ የእንቁጣጣሹ ወረቀትም የሚመደበው ከእነዚህ ጎራ ነው።

ዝምድናው በአሣሣሉም ይታያል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ሙሉ ዓይኖች ይሣላሉ፤ ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን። መልክ ወጥቶ ቀለም ከተሞላ በኋላ ጠርዙ በጥቁር መስመር ይጠነክራል። ልጁ ይህን ደንብ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም፤ እሑድ እሑድ ግድግዳውን አይቶ ይዞታል። መልአኩን ዓይነ ትልቅ አድርጎ ፊት ለፊት ያቆመዋል፣ ጠርዙንም በጥቁር እስክሪፕቶ ይዞረዋል።

በሌላው ዓለምም አዋቂዎች ወደዚሁ ሐሳብ ደርሰዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. ኤም. ቫንቺ ሽቲርነማን የተባለ የስዊዘርላንድ ሠዓሊ ዙሪክ ላይ በእጅ የተሣሉ ትንንሽ ካርዶች የሚለዋወጡበትን ልማድ ጀመረ። የካርዱ መጠን 64 በ89 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሠዓሊዎች ተገናኝተው ይለዋወጡታል፣ አይሸጡትም። ልማዱ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል። ጃፓኖች ደግሞ በአዲሱ ዓመት ሁለተኛ ቀን የዓመቱን የመጀመሪያ ጽሕፈት በብሩሽና በቀለም ይጽፋሉ፤ ልማዱ የትንሽ ትልቁ ነው። አንዱ በትንሽ ወረቀት፣ ሌላው በታወቀ ቀን ይጀምራል።

በከተሞቻችን ግን ወረቀቱ እየተለወጠ ነው። የሰው ሥዕል በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ ልጁ ቀለም ብቻ ቀብቶ የሚያዞረው አለ። ማተሚያ ቤት ያተመው፣ አብረቅራቂ፣ ልጁ ምንም ያልነካው ካርድም አለ። እንኳን አደረሳችሁ የሚባለውም በስልክ በሚላክ ምስል ሆኗል። ልጁ ገንዘብ በመፈለጉ አይወቀስም፤ ፎቶ ኮፒው ፈጣን ነው፣ ብዙ ቤት ያዳርሳል። የሚያሳዝነው ግን ከልጁ ላይ የሚወሰደው ነገር ነው። ተባዝቶ የመጣ መልአክ ክንፉ የት ላይ ይጀምር የሚለውን ጥያቄ ለልጁ አይተውለትም። ወላጅና ጎረቤት ይህን መመለስ ይችላሉ፤ ለእጅ ሥዕል ከታተመው የበለጠ መስጠት፣ ልጁንም «ይቺን ምን ብለህ ሣልካት?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ደቡብ ምዕራቡ ለዚህ ልማድ የሚያበረክተው የራሱ ነገር አለው። በሥዕሉ ላይ የማትጠፋው ዓደይ አበባ በይበልጥ የደጋና የወይና ደጋ አበባ ናት፤ እንጦጦ ላይና በሸዋ ሜዳ መስከረምን የምታቀልመው እሷ ናት። በቴፒና በበበቃ ሙቅ የቡና መሬት የሚኖር ልጅ ከደጁ የሚያየው ግን ሌላ ነው፦ የእንሰት ሰፊ ቅጠል፣ በጥላ ዛፍ ሥር የተንዠረገገ ቡና፣ በረጅም ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ፣ ጥቁርና ነጭ የለበሰ ጉሬዛ። የሸካ ደን በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቧል፤ ለልጁ ግን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ የሚያልፍበት ደን ነው። ዓደይን የሚሥለው በመጽሐፍና በቴሌቪዥን ስላያት ነው። ዓደይ ትቅር ማለት ሳይሆን፣ ከአጠገቧ የቡና ፍሬ ቢጨመር ሥዕሉ ከየት እንደመጣ ይናገራል።

ቀለሙም ከሱቅ መምጣት የለበትም። የቡና ውሃ ወረቀት ላይ ጥሩ ቡናማ ይሰጣል፤ በዓለም ላይ በእሱ ብቻ የሚሥሉ ሠዓሊዎች አሉ። ቡና የሚፈላበት ቤት ደግሞ ሦስት ደረጃ ቀለም አለው፦ አቦል ለጥላውና ለጠርዙ፣ ቶና ለመሐሉ፣ በረካ ለሰማዩና ለርቀቱ። አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ቢደረብ ይደባለቃል፤ ሲደርቅ ቢደረብ ግን ይጠቁራል፣ ስለዚህ ጥቁሩን ለማግኘት ደጋግሞ መቀባት ነው። ስኳር የገባበት ቡና አይሆንም፤ ወረቀቱን ያጣብቀዋል፣ ጉንዳንም ይጠራል።

ለቢጫው እርድ አለ። የቴፒ አካባቢ በእርድና በዝንጅብል ምርቱ የታወቀ ነው፤ ከተማዋም በቅመማ ቅመም ላይ የሚሠራ የምርምር ማዕከል አላት። የእርድ ዱቄት በውሃ ሲበጠበጥ በደንብ አይሟሟም፤ ቢሆንም ወረቀት ላይ ሲቀባ ደማቅ ቢጫ ይተዋል፣ ከደረቀ በኋላ ትርፍ ዱቄቱ ይራገፋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ልጆችን ያስደንቃል። በእርድ ቢጫ በተቀባ ወረቀት ላይ በአመድ ውሃ ወይም በልብስ ሳሙና ውሃ መስመር ቢሰመር መስመሩ ወዲያው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ደግሞ ወደ ቢጫው ይመለሳል። ምክንያቱ በእርድ ውስጥ ያለው ቢጫ ንጥረ ነገር፣ ኩርኩሚን፣ አመድና ሳሙና ሲነኩት ቀለሙን የሚቀይር መሆኑ ነው። የኬሚስትሪ መምህር ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚያሳየውን ልጁ ወጥ ቤት ውስጥ ያገኘዋል። ድካሙ እርድ ፀሐይ አለመቻሉ ነው፤ ብርሃን ላይ የተሰቀለ ሥዕል ቢጫው እየነጣ ይሄዳል፣ መጽሐፍ ውስጥ የተቀመጠው ግን ይቆያል። ለጥቁሩ ከሰል ይፈጫል። ብሩሽ ከሌለ መፋቂያ አለ፤ ጫፉ ታኝኮ ሲበተን ቀለም ይይዛል።

ልማዱን ከመስከረም 1 አሳልፎ ዓመቱን ሙሉ ለመያዝ የሚፈልግ አዋቂም ብዙ ወጪ የለበትም። አንድ ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ ታጥፎ ቢቆረጥ 8 ቁራጭ ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ 7.4 በ10.5 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም መዳፍ የሚያህል። አራት ወረቀት 32 ቁራጭ ይሆናል፤ ለ30 ቀን ወር ይበቃል፣ ሁለትም ይተርፋል። ጳጉሜን ጨምሮ ለዓመቱ በሙሉ 46 ወረቀት በቂ ነው። ቁራጩ ትንሽ በመሆኑ ቡና እስኪፈላ አንዱ ያልቃል፤ የተበላሸው አያስቆጭም። በወር አንዱን መርጦ ጀርባው ላይ ቀኑን ጽፎ ለሰው መስጠት ደግሞ ከልጆቹ መወሰድ ያለበት ዋናው ነገር ይመስላል፤ ተቀባዩ የታወቀ ሥዕል ሳያልቅ አይቀርምና።

እንቁጣጣሽ በደቡብ ምዕራቡ ብቸኛው የዘመን መለወጫ አይደለም። የአካባቢው ሕዝቦች የየራሳቸው በዓል አላቸው፤ የካፋው ማሽቃሮ አንዱ ነው። በቤንች ሸኮና በሸካ ከተሞች እነዚህ በዓላት ከመስከረም 1 ጋር ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ፤ ልጆችም አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። ትንሽ ሥዕል ሰጥቶ እንኳን አደረሳችሁ የማለቱ ወግ ለእያንዳንዳቸው ሊያገለግል የማይችልበት ምክንያት የለም። ፊደሉና ሥዕሉ ይቀየራል፤ ወረቀቱ ያው ነው።

ምን ልሣል ለሚለው ደግሞ አቆጣጠሩ ራሱ ርእስ ያቀብላል። ዘመኑ በአራቱ ወንጌላውያን ይፈራረቃል፤ ማቴዎስ በሰው፣ ማርቆስ በአንበሳ፣ ሉቃስ በላም፣ ዮሐንስ በንስር መልክ ይሣላሉ። ማን እንደሆነ ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ይካፈላል፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ ነው። 2019 ላይ ድምሩ 7519 ይሆናል፣ ቀሪው 3፤ ዘመነ ሉቃስ ነው ማለት ነው። ለሸኮ ልጅ ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነው። በአካባቢው ስም የሚጠራው የሸኮ ከብት ከሌሎቹ የኢትዮጵያ ከብቶች የሚለይ ዝርያ ነው፦ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ቀንዱ አጭር ወይም ጭራሽ የሌለው፣ የገንዲን በሽታ ከሌሎች ዝርያዎች በተሻለ የሚቋቋም። ሻኛ ካላቸው ከብቶች ጋር እየተዳቀለ ንጹሕ ዝርያው እየመነመነ በመሆኑ ተመራማሪዎች ያሳስባቸዋል። የሉቃስን ላም በበረካ ቀለም ከበረቱ አይቶ የሚሥል ልጅ እንግዲህ በመጽሐፍ ካለው የሚለይ ከብት ያወጣል፤ ጀርባው ከአንገት እስከ ጭራ ቀጥ ያለ፣ ሻኛ የሌለበት።