የሸክላ ቤትና የጨርቅ ሕፃን

የአሻንጉሊት ቤት ሲባል የብዙ ሰው አሳብ ወደ ፈረንጅ አገር ይሄዳል፤ በእውነትም በጽሑፍ ከታወቁት ሁሉ ቀዳሚው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1558 ለባቫሪያው መስፍን ለአልብሬኽት 5ኛ ተሠርቶ የተፈጸመው ቤትና፣ ኋላም በ1924 ለእንግሊዟ ንግሥት ሜሪ የተበረከተው፣ የውኃ ቧንቧውና የኤሌክትሪክ መብራቱ ሳይቀር የሚሠራው ቤት፣ ከሕፃናት መጫወቻነት ይልቅ የመኳንንትና የነገሥታት ክብር መግለጫዎች ነበሩ።

በእኛም አገር ትልቁን ሕንፃ በንኡስ አምሳል መሥራት እንግዳ ጥበብ አይደለም። ፈረንሳዊው የጥንታዊ ቅርስ ሊቅ ኦንሪ ደ ኮንታንሶን በ1959 እ.ኤ.አ. በአክሱም አጠገብ፣ ከዘመነ ክርስትና አስቀድሞ አምልኮ ይፈጸምበት በነበረው በሐውልቲ ሲቆፍር፣ ከእንስሳት ምስል ጋር ከሸክላ የተበጁ የቤት አምሳያዎች አግኝቷል። የአክሱም ታላላቅ ሐውልቶችም ቢሆኑ፣ 33 ሜትር የሚረዝመውና ዛሬ ወድቆ የሚታየው እንኳ፣ በርና መስኮት፣ የእንጨት ጫፍና የፎቅ ድርብ በድንጋይ የተቀረጸባቸው፣ ማንም የማይገባባቸው ቤቶች ናቸው።

የእነዚህ አምሳሎች ምሥጢር በጉልህ የሚነበበው ግን በላስታ ነው። ከላሊበላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በዋሻ ውስጥ የታነጸው፣ በዛጔው ካህን ንጉሥ ስም የሚጠራው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፣ ዋሻው ከዝናምና ከፀሐይ ስለ ጋረደው፣ አንዱ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ፣ አንዱ ረድፍ የጠቈረ እንጨት እየሆነ የሚወጣው ግድግዳው፣ በመስቀል አምሳል የተፈለፈሉት መስኮቶቹም ሳይፈርሱ ይኖራሉ። የአክሱም ጠራቢ በድንጋይ የመሰለው፣ እዚህ እንጨቱ በእውነተኛ እንጨትነቱ፣ በሩም ምእመን በሚገባበት በርነቱ ይታያል።

የሰው ምስልን በተመለከተ፣ በጎንደር አጠገብ በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ያለ መንኰራኵር፣ በጣታቸው ብቻ ጭቃውን እያድበለበሉ አንበሳውን፣ ወፉን፣ ንጉሥ ሰሎሞንንና ንግሥተ ሳባን ያበጁ ነበር፤ ሕዝቡም በብዛት ወደ እስራኤል ከፈለሰ በኋላ ሙያው በመንደሩ አልጠፋም።

ገበያ የማይወጣው አሻንጉሊት ግን ከሁሉ ይበዛል። የደጋ ልጅ ዕቃ ዕቃ ስትጫወት ሦስት ጠጠር ጉልቻ፣ ስባሪ ገል ምጣድ፣ እፍኝ አፈር ዱቄት ይሆንላታል፤ ቁራጭ እንጨት በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ፣ ወገቡን በክር አስራ፣ እናቷ ታናሽ ወንድሟን እንደምታዝለው አዝላ እሹሩሩ ትለዋለች። ቤቱን በጠጠር ስትከልል መደቡንና ምድጃውን፣ እንግዳ የሚቀመጥበትን ሥፍራ ጭምር ለይታ ታኖራለች፤ የቤተሰቡ ሥርዓት ሁሉ በዚያች ክልል ተጽፎ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ሲመሽ የሚበተን ስለ ሆነ፣ ቅርስ የሚሰበስብ ወገን ለብራናውና ለመስቀሉ የሚያሳየውን ትጋት ለጨርቅ ሕፃንና ለዕቃ ዕቃ አያሳይም። ነገር ግን የጥንት ሰው ቤቱን እንዴት እንደሚያይ ለማወቅ ዛሬ ሊቃውንት የሐውልቲን ጭቃ ቤት የሚመረምሩ ከሆነ፣ የደጋ ሕፃናት ጨዋታም በሥዕልና በጽሑፍ ተመዝግቦ፣ ከአሻንጉሊቶቹ ጥቂቱ በቤተ መዘክር ሊቀመጥ ይገባዋል፤ የኋላ ተመራማሪ ስለ እኛ የሚጠይቀው ስለ ቤተ መንግሥቱ ብቻ አይሆንምና።