ከስለቱ ጀርባ

ነሐሴ ሲጋመስ ሱቃችን ይጨናነቃል። ኮሎራዶ ውስጥ የኤልክ (የትልቁ አጋዘን) የቀስት አደን የሚከፈተው በሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ በእኛ ጳጉሜን ሳትገባ ነውና፣ ዓመቱን ሙሉ ፍላጻውን ያልነካው ሁሉ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ይመጣል። (እናቴ በስልክ «አሜሪካ ድረስ ሄደህ ጦር ትሞርዳለህ አሉ» ብላ ስቃብኛለች።)

ደንበኛው የሚጠይቀኝ ስለ ስለቱ ነው፤ ስንት ምላጭ አለው፣ ምን ያህል ይቆርጣል። የእኔ ዓይን የሚያርፈው ግን ከጀርባው ነው። በፍላጻው የካርቦን ቱቦ አፍ ውስጥ ኢንሰርት የምንላት፣ ውስጧ ጥርስ የወጣላት የአሉሚኒየም ወይም የብረት ቁራጭ በኢፖክሲ ትጣበቃለች፤ ብሮድሄዱ፣ ማለትም ባለምላጩ ጫፍ፣ እንደ ብሎን እሷ ላይ ይጠብቃል።

ብዙ ሰው ምቱን የሚችለው ማጣበቂያው ይመስለዋል። አይደለም። 29 ግራም የሚመዝን ፍላጻ በሰከንድ 85 ሜትር ሲበር 100 ጁል ያህል ጉልበት ይዞ ነው የሚያርፈው። ቀጥ ብሎ ከመታ ይህን የሚሸከመው የብሮድሄዱ ትከሻ ነው፤ ትከሻው በኢንሰርቷ ከንፈር ላይ፣ ከንፈሯም በቱቦው አፍ ላይ ያርፋሉ። የቱቦው አፍ ዘመም ብሎ ከተቆረጠ ግፊቱ ሁሉ ባንድ ጎን ያርፍና ካርቦኑ ይሰነጠቃል። አጥንት በሰያፍ ሲነካማ ትከሻውም አያድንም፤ ስለቱ የቱቦውን አፍ ይፈለቅቀዋል። ለዚህ ነው ከውጭ የምታቅፍ የብረት ቀለበት የምናለብሰው። የአገር ቤት ጦር ይህ ጣጣ የለበትም፤ የብረቱ ማቀፊያ እንጨቱን ከውጭ ስለሚይዘው በተመታ ቁጥር ይጠብቃል።

ታዲያ ማጣበቂያው ምን ይሠራል? የሚፈተነው ፍላጻው ከመለማመጃ ዒላማ ሲነቀል ነው። አንድ ዓመት ተቻኩዬ የቱቦውን የካርቦን ብናኝ ሳልጠርግ አጣብቄ ሰጠሁ። ሰውዬው በሳምንቱ አፋቸው ባዶ የሆነ ስድስት ዘንጎች ይዞ መጣ፤ ኢንሰርቶቹ ከነጫፋቸው ዒላማው ውስጥ ቀርተዋል። ምንም አልተናገረም፣ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው እንጂ። ከዚያ ወዲህ ውስጡን በአልኮል እወለውላለሁ፣ ኢንሰርቷን በብርጭቆ ወረቀት አሻክራታለሁ፣ እያዞርኩ አስገባታለሁ፣ አሳድራታለሁ። «ዛሬ አድርስልኝ» ለሚለኝ እምቢ ነው መልሴ።

ብሮድሄዱን አጥብቃችሁ ፍላጻውን ማሽከርከሪያው ላይ አዙሩት። ጫፉ ከተንቀጠቀጠ ሌላ ስለት አትግዙ፤ አምጡት፣ አፉን አስተካክለን እንሞርደው።